የካሬሊን ክንዶች

በግሪኮ ሮማን ትግል ተጋጣሚን ከወገብ በታች መያዝም ሆነ በእግር መጥለፍ ክልክል ነው። መተማመኛው ክንድ፣ ደረትና ጀርባ ብቻ ነው። 130 ኪሎ የሚመዝን ሰው ምንጣፉ ላይ በደረቱ ከተለጠፈ ደግሞ እሱን ነቅሎ ማንሳት የማይታሰብ ነበር።

አሌክሳንደር ካሬሊን ግን አነሳ። ፊቱን ወደ ተጋጣሚው እግር አዙሮ ወገቡን በሁለት ክንዶቹ ይቆልፋል፤ እንደ ጆንያ ከመሬት ነቅሎ ያቅፈዋል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተለጥጦ አሻግሮ ይወረውረዋል። አንዳንዶች ከመወርወሩ ይልቅ በጀርባቸው ተገልብጠው መሸነፍን ይመርጡ ነበር።

በሳይቤሪያዋ ኖቮሲቢርስክ እ.ኤ.አ. በ1967 የተወለደው ካሬሊን ትግል የጀመረው በ13 ዓመቱ፣ በአሰልጣኝ ቪክቶር ኩዝኔትሶቭ ሥር ነው። እስከ መጨረሻ ውድድሩም ሌላ አሰልጣኝ አልያዘም።

በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ፍጻሜ ቡልጋሪያዊው ራንጌል ጌሮቭስኪ 3 ለ 0 እየመራው ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ቀርተው ነበር። ካሬሊን ወገቡን ቆልፎ ወረወረው፤ 5 ለ 3 ረታ። በ1992 ባርሴሎና ላይ ደገመ። በ1996 ከአትላንታ ጥቂት ወራት በፊት የደረቱ ጡንቻ ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም፣ አሜሪካዊውን ማት ጋፋሪን 1 ለ 0 አሸንፎ ሦስተኛ ወርቁን ወሰደ። በዚህ ላይ 9 የዓለምና 12 የአውሮፓ ሻምፒዮናዎች አሉት። ከ1987 በኋላ ለ13 ዓመታት ያሸነፈው አልነበረም።

መስከረም 27 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒው ፍጻሜ የገጠመው ሩለን ጋርድነር፣ በዋዮሚንግ የወተት ላሞች እርባታ ያደገ አሜሪካዊ ነበር። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሁዋን አንቶኒዮ ሳማራንች ሜዳሊያውን ለመስጠት አዳራሹ ውስጥ ነበሩ።

የመጀመሪያው ዙር ያለ ነጥብ አለቀ። በወቅቱ ደንብ መሠረት ሁለቱ ደረት ለደረት ተቃቅፈው እንዲቀጥሉ ተደረገ፤ ቀድሞ እጁ የተላቀቀ አንድ ነጥብ ይቀጣል። ሲገፋፉ ለቅጽበት የተላቀቀው የካሬሊን እጅ ነበር። ዳኞቹ በቪዲዮ አይተው ነጥቡን ለጋርድነር ሰጡ። ተጨማሪው ሦስት ደቂቃም አላዳነውም፤ ጋርድነር መሬት ላይ ተጣብቆ አልነቀል አለ፤ ሊያበቃ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ካሬሊን ትግሉን አቆመ።

በዚያው ከውድድር ተሰናብቶ፣ ከ1999 ጀምሮ አባል በሆነበት የሩሲያ ዱማ በፖለቲካው ቀጠለ። ሦስቱን የኦሊምፒክ ወርቆቹን በከባድ ሚዛን ያለፈው ኩባዊው ሚሃይን ሎፔዝ ነው፤ በ2024 ፓሪስ ላይ አምስተኛውን ሲያጠልቅ 41 ዓመቱ ነበር።