አይሮፕላንና ክረምት

ስለ አገራችን አይሮፕላኖች ሲነገር የምንሰማው ስለ በረራቸው ነው፤ ቆመው ስለሚከርሙበት ወራት የሚያነሣ ጥቂት ነው። እኛ የሲቀላ ተማሪዎች አይሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ እያየን ያደግን ስለ ሆነ፥ በዚህ የበዓል መጽሔት ስለ ሁለተኛው ጥቂት ለማለት ወደድን።

የመጀመሪያው አይሮፕላን ኢትዮጵያ የገባው በክረምት እምብርት ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለውን አይሮፕላን ከጅቡቲ አምጥቶ ገፈርሳ ሜዳ ላይ አሳረፈ፤ ስሙም ንስረ ተፈሪ ተባለ። ነሐሴ 30 ቀን ደግሞ የጀርመኑ ዩንከርስ ደረሰ። ፖቴዝ ክንፉ ሸራ የለበሰ ሲሆን፥ ዩንከርስ ግን ሁለንተናው የተሸበሸበ ቆርቆሮ ነበር።

ሸራም ሆነ ቆርቆሮ፥ ለሞተሩ ጠላቱ እርጥበት ነው። ብዙ ጊዜ የሚቆም ሞተር ቤንዚኑ ይቀዳለታል፤ አለዚያ ቤንዚኑ እየተነነ በካርቡራቶሩ ውስጥ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። ሲሊንደሩም እንዳይዝግ ዘይት ይጠጣል። ለመማሪያና ለጨዋታ የምትሠራው ትንሽ የነዳጅ አይሮፕላን እንኳ ከዚህ አታመልጥም፤ እንዲያውም ነዳጅዋ ሜታኖል ያለበት እንደ ሆነ ከአየሩ ውሃ ስለሚስብ፥ ሳይቀዳ ከከረመ ኩሽኔታዋን ያዝገዋል። (በእኛ በኩል ብርቱው ዝናብ የሚወርደው በሚያዝያና በግንቦት ነውና፥ የአዲስ አበባን ክረምት ጠብቆ ዕቃውን የሚሸፍን ሰው ይዘገያል።)

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የ«ፀሐይ» ነገር ነው። ይህች አይሮፕላን በጀርመናዊው ሉድዊግ ቬበር መሪነት በኢትዮጵያውያን እጅ አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ፥ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰይማ፥ ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. በረረች። አምስት ወር ሳይሞላት፥ ክረምቱም ገና ሳይገባ፥ ሚያዝያ 27 ቀን ከተማይቱ በኢጣልያ ጦር እጅ ወደቀች። ጠላት ማርኮ ወሰዳት፤ በኋላም ከሮም አጠገብ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ተቀመጠች። ለኢትዮጵያ የተመለሰችው ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።

መመለሷ ደስ አሰኝቶናል። ምርኮውም ምርኮ ነው፤ ጥሩ ጣሪያ ሥር ማኖር አያጸድቀውም። ነገር ግን ከ80 ዓመት በላይ ከዝናብና ከዝገት የጠበቋት የሠሯት ሰዎች ሳይሆኑ የማረኳት ሰዎች መሆናቸውን ስናስብ፥ በደስታችን መካከል ቅር ይለናል።