ለኛ ሲባል የተባረረው አህያ

እኛ የከተማ ልጆች ባላገር መስሎ የሚቀልድ ኮሜዲያን እያየን ነው ያደግነው። ሰሞኑን የድሮ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ስንጎረጉር ግን “ሂ ሃው” ላይ ደረስንና ትንሽ አፈርን።

ስሙ አህያ ስታናፋ የሚሰማው ድምፅ ነው። ሲቢኤስ እኤአ በጁን 1969 ሲጀምረው ለክፍተት መሙያ ነበር። በቬትናም ጦርነት እየቀለዱ ጣቢያውን ያስቸገሩት የስማዘርስ ወንድማማቾች ተባረው ሰዓቱ ባዶ ቀርቶ ነበርና። አቅራቢዎቹ ባክ ኦወንስና ሮይ ክላርክ ናቸው፤ ሁለቱም ጊታር የሚያናግሩ። ከበቆሎ ማሳ ውስጥ ሰዎች ብቅ ይላሉ፣ አንድ ያረጀ ቀልድ ይወረውራሉ፣ ተመልሰው ይጠልቃሉ። ወዲያው ባንጆ! (የባንጆ ዘር ከአፍሪካ በባርነት ከተጋዙት ሰዎች ጋር የሄደ መሆኑን ልብ ይሏል።) በመጀመሪያው ዝግጅት ከቀረቡት እንግዶች አንዱ ቻርሊ ፕራይድ ነው፤ ሚሲሲፒ ውስጥ ከጥጥ ገበሬ ቤተሰብ የተወለደ ጥቁር የካንትሪ ዘፋኝ። ግራንድፓ ጆንስ ደግሞ “አያቴ” የሚለው ስም የወጣለት ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ሳለ ነው፤ ሂ ሃው ላይ ሲደርስ ዕድሜው ለስሙ ቀርቦለታል። ብዙዎቹ ሲቀልዱ የሚቀልዱት በራሳቸው አገር ነው። ያሳፈረንም ይሄ ነው… እኛ የሳቅነው በሰው አገር ነበር።

(ፕሮግራሙን የፈጠሩት ሁለት ካናዳውያን መሆናቸው ሌላ ቀልድ!)

በ1971 ሲቢኤስ ሰረዘው። ተመልካች አጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ ከአገሪቱ 20 ተወዳጅ ፕሮግራሞች አንዱ ነበር። ችግሩ የተመልካቹ ማንነት ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪዎች የፈለጉት ወጣቱን፣ ከተሜውን፣ ኪሱ የማይነጥፈውን ነው። እኛን የመሰለውን ማለት ነው እንግዲህ። “ግሪን ኤከርስ” እና “ዘ ቤቨርሊ ሂልቢሊስ”ም በዚያው ዓመት ተጠረጉ።

አዘጋጆቹ ግን ቤታቸው አልገቡም። ፕሮግራሙን ለየከተማው ጣቢያ በቀጥታ ይሸጡ ጀመር። በዚያው ዓመት ሥራ ላይ የዋለ የመንግሥት ደንብ ትልልቆቹ ኔትወርኮች የምሽቱን ሰዓት ሁሉ እንዳይዙ ስለከለከለ፣ ጣቢያዎቹ የሚያሳዩት ፈልገው ነበር። ወጪውም ቀላል ነው፤ ናሽቪል ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባሉ፣ የበቆሎ ማሳውን ቀልድ በጅምላ ይቀርፃሉ፣ ከዚያ እየቆራረጡ በየሳምንቱ ያከፋፍሉታል።

ባክ ኦወንስ በ1986 ለቀቀ። ሮይ ክላርክ ቆየ። አዲስ ዝግጅት መሠራቱ ያበቃው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከተባረረ 20 ዓመት ገደማ በኋላ።