የጓሳ ሣር ሕግ፤ ከቄሮ ሥርዓት እስከ ማኅበረሰብ ጥበቃ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው የጓሳ ደጋ ስሙ በላዩ የሚበቅለው ረጅምና ጠንካራ ሣር ስም ነው። አገሩ ውርጭ የሚበረታበት፣ ኑሮውም በገብስና በበግ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ የጓሳ ሣር ለመንዜው ተራ የከብት መኖ አይደለም። ቤቱን የሚከድንበት፣ ገመድ የሚገምድበት፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ የሚሠራበት፣ በድርቅ ዘመንም ከብቱን ከሞት የሚያተርፍበት ነው። እንዲህ ያለ ሀብት ያለ ከልካይ ቢተው ኖሮ ለልጅ ልጅ ባልደረሰ ነበር። ሊደርስ የቻለው ሕግ ስለ ነበረው ነው።

ሕጉ የቄሮ ሥርዓት ይባላል። አነሳሱ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ በአገሩ አፈ ታሪክ መሠረት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ጓሳን ለግጦሽና ለሣር እንዲሆን ከለዩ በኋላ በፈረስ ግልቢያ ተወዳድረው ተካፈሉት። የጌራ ስም ዛሬም በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ መጠሪያ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ በጓሳ የመጠቀም መብት የእነዚህ አባቶች ተወላጆች አጽመ ርስት ሆኖ ኖረ።

በእያንዳንዱ ድርሻ ላይ ተጠቃሚዎቹ የሚመርጡት አባ ቄራ የተባለ አለቃ ነበር። በእርሱ መሪነት ደጋው ለብዙ ዓመታት፣ አንዳንዴም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ፣ ይዘጋል። በተዘጋበት ዘመን አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በየተራው የመጠበቅ ግዴታ ነበረበት፤ ከጥበቃ የቀረም፣ ሥርዓቱን ጥሶ የገባም ይቀጣ ነበር። ሣሩ መድረሱ ሲታመንበት የሚከፈትበት ቀን ለሕዝብ ይነገራል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ክረምት ሲገባ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ከብቱ ወጥቶ ደጋው እንደገና ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ የተደነገገ አልነበረም። ከብት አስቀድሞ ቢገባ ለክዳን የሚሆነው ሣር ይረገጣል፤ በክረምት ቢቆይ ደግሞ የራሰው መሬት ይታመሳል፣ አዲሱም ቡቃያ ሳይጠነክር ይጋጣል።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት ሊሸሸግ የማይገባው ጉድለት ነበረው። አጽመ ርስት የሌለው ጎረቤት፣ በዚያው ውርጭ ውስጥ እየኖረና ከዚያው ምንጭ እየቀዳ፣ ከጓሳ ሣር እንደ ባለመብት ሊያጭድ አይችልም ነበር። ሣሩ የተጠበቀው በከፊል ብዙዎች ስለ ተከለከሉ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ለማድረግ የታወጀው አዋጅ ይህን የትውልድ መብት ሻረው። ርስት ያልነበረው ገበሬም በደጋው የመጠቀም ዕድል አገኘ። በፍትሕ ረገድ ይህ ለብዙ ሰው ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ርስቱ ሲሻር በርስቱ ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ፈረሰ። አባ ቄራው ሥልጣኑን አጣ፤ ደጋውን ለዓመታት ዘግቶ ማቆየትም አስቸጋሪ ሆነ። ተጠቃሚው በዛ፤ ጠባቂው ጠፋ። ሣሩና የማገዶው ቁጥቋጦ ከአቅማቸው በላይ ይታጨዱና ይቆረጡ ጀመር። ጉዳቱ በሰው ላይ ብቻ የሚቀር አልነበረም። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በጓሳ የሚኖረው በሣሩ መካከል የሚራቡትን አይጦች እያደነ ነውና፣ የሣሩ መመናመን ለእርሱም አደጋ ነው።

የመንዝ ገበሬዎች ግን ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። አዋሳኝ የገበሬ ማኅበራት ተወካዮቻቸውን መርጠው የጓሳ ኮሚቴን አቋቋሙ፤ የመዝጋትና የመክፈት፣ የመጠበቅና የመቅጣት ልማድም በመተዳደሪያ ደንብ መልክ ተመለሰ። የአባ ቄራውን ቦታ ኮሚቴ ያዘ፤ የተጠቃሚነት መለኪያም ከዘር ሐረግ ወደ ነዋሪነት ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ አድርጎ በሕግ አጸደቀው። ከአካባቢው ሰዎች ጠባቂዎች ተመደቡ፤ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ለማየት ለሚመጡ እንግዶችም የማኅበረሰቡ ማረፊያ ተሠራ።

የጓሳ ታሪክ ለደን፣ ለግጦሽና ለዱር አራዊት ባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት በሁለት ወገን የሚታይ ነው። ቄሮ ሣሩን ጠብቆ ጎረቤትን አገለለ፤ አዋጁ ጎረቤትን አስገብቶ ሣሩን ያለ ጠባቂ ተወ። ጓሳን ያቆየው ሁለቱን ለማስታረቅ የተደረገው ጥረት ነው፤ ይህም የነዋሪውን ሁሉ መብት ከጥንቱ የመዝጋት ጥበብ ጋር ማዋሐድ ማለት ነው። ስለዚህ በሌላ ተራራ ላይ አዲስ የጥበቃ ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያ ካርታውን ከመዘርጋቱ በፊት የአገሩን ሽማግሌዎች ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ቀድሞ መሬቱን ማን ይዘጋው እንደ ነበረና፣ በተዘጋ ጊዜም ከውጭ የቀረው ማን እንደ ነበረ።