ካርዱ ሳይለወጥ የተለወጠ ደጋፊ፤ ደኢህዴን በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር

ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. የተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ አንድም ተቃዋሚ ያልገባበት ፓርላማ አስገኘ። የደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ከቦንጋ እስከ ማሻ፣ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ የገዢውን ግንባር የኢሕአዴግን የደቡብ ክንፍ የደኢህዴንን ሰዎች ወደ ምክር ቤት ላከ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የካፋ ዞን ምክር ቤት ተሰብስቦ ዞኑ ደኢህዴን ከሚመራው የደቡብ ክልል ወጥቶ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ወሰነ። ውሳኔውን ያሳለፈው ምክር ቤት የዚያው ድርጅት ሰዎች ምክር ቤት ነበር። በሁለቱ ድርጊቶች መካከል የሥርዓት ለውጥ አልተካሄደም፤ ተቃዋሚ ፓርቲም ወንበሮቹን አልወረሰም። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

ጥያቄው የመረጃ ችግር አለበት። በብሪታኒያ የአንድ ፓርቲ ደጋፊ ልቡ ሲሸፍት ዱካው በየቦታው ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ በየምርጫው የመራጮች ጥናት ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ስትሰጥ፣ አመራሩ “እንቆይ” ካለው ከሌበር ፓርቲ ደጋፊዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ “እንውጣ” ማለታቸው በጥናት ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ደግሞ ለትውልድ ሌበርን ሲመርጡ የኖሩ የሰሜን እንግሊዝ ወረዳዎች ለወግ አጥባቂዎቹ ድምፅ ሲሰጡ የልቡ ለውጥ በወንበር ተቆጠረ። ሚዛን ተፈሪ ላይ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። ተፎካካሪ በሌለበት ምርጫ የድምፅ ቆጠራ ስለ ደጋፊ ስሜት የሚናገረው ጥቂት ነው። የታሪክ ተመራማሪው ስለዚህ ወደ ሌላ ሰነድ መዞር አለበት፤ ወደ ምክር ቤት ውሳኔዎች፣ ወደ ዞንና ወረዳ አከፋፈል፣ በመጨረሻም ወደ ሕዝበ ውሳኔ ውጤት። በነዚህ ሲነበብ የደቡብ ምዕራቡ ደጋፊ ፓርቲውን የለካበት መስፈርት ከመጀመሪያውም የመዋቅር ጥያቄ እንደነበር ይታያል። ፓርቲውን ጥሎ አልወጣም፤ ፓርቲው ያስተማረውን ትምህርት ይዞ ፓርቲው ካሰመረው ወሰን ወጣ እንጂ።

መነሻው 1984 ዓ.ም. ነው። የሽግግር መንግሥቱ በአዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ክልሎች ሲያዋቅር ካፋና አካባቢው ክልል 11 ሆነ። ዕድሜው ግን አጭር ነበር። ከክልል 7 እስከ 11 ያሉት አምስቱ ተጠቃለው አንድ የደቡብ ክልል ሆኑ፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጸና። መቀመጫው ሐዋሳ ሆነ። ፓርቲውም የተሠራው በዚሁ ቅርጽ ነው። ለካፋና ለሸካ አንድ ድርጅት፣ ለቤንችና ለማጂ ሌላ ድርጅት እየተባለ በየብሔረሰቡ የተመሠረቱት ድርጅቶች በአንድ ግንባር ሥር ተሰባሰቡ፤ ግንባሩም በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርጅቶቹን አዋሕዶ ደኢህዴን ተባለ።

ገበሬው ይህን ድርጅት የተቀበለበት ምክንያት ከኋላው ካለው ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። የካፋ መንግሥት በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ወድቆ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ በኋላ አካባቢው በገባር ሥርዓት ኖሯል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ገባርነትን ሻረ፤ ደርግ ግን መልሶ የቡናውን ግዢና ዋጋ በመንግሥት እጅ አደረገ፤ የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎችም የመንግሥት ነበሩ። ኢሕአዴግ ይዞ የመጣው አዲስ ነገር የራስ አስተዳደር ነው። ወረዳ ያገኘ ብሔረሰብ ዳኛ፣ አስተዳዳሪ፣ የግብርና ባለሙያና የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከራሱ ልጆች መካከል አገኘ። የመጀመሪያዎቹ ካድሬዎች አብዛኞቹ መምህራን ነበሩ። ለቡና ለቃሚው ቤተሰብ ፓርቲ ማለት በቅርብ ያለ ቢሮ፣ በራሱ ቋንቋ የሚያናግር ሹም ማለት ሆነ። ድጋፉ እውነተኛ ነበር፤ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረበት።

ቅድመ ሁኔታው ገና በጠዋቱ ታየ። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ላይ “ወጋጎዳ” የተባለውን የተቀየጠ የትምህርት ቋንቋ ሕዝቡ በተቃውሞ አስቀረ፤ ሰሜን ኦሞ ዞንም ተከፋፈለ። በ1993 ዓ.ም. ስልጤ በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ ተለየ። በዚያው ዓመት የካፋና የሸካ የጋራ ዞን ለሁለት ተከፍሎ ቦንጋና ማሻ የየራሳቸውን ዞን ያዙ። ከዚህ የደቡብ ካድሬ ሁሉ አንድ ነገር ተማረ፤ መዋቅር በጥያቄ ይገኛል፤ ጠያቂው ከበረታ ድርጅቱ ይሰጣል። ችግሩ አንዱ ብሔረሰብ ዞን ሲያገኝ በዚያው ዞን ውስጥ ሌላው አናሳ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ቴፒ የዚህ ችግር ማሳያ ናት። ከተማዋ ያለችበት የኪ ወረዳ በሸካ ዞን ውስጥ ሲሆን የሸኮና የመዠንገር ሕዝቦች፣ ሸካቾዎችና ከሌሎች ክፍላተ ሀገር የመጡ ነዋሪዎች አብረው ይኖሩበታል። የሸኮና መዠንገር ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ አንድነት ድርጅት ወረዳው በራሱ ሰዎች እንዲተዳደር ጠየቀ። ጥያቄው ከወረዳ ምርጫ ክርክር ጋር ተያይዞ እየጋለ ሄዶ በመጋቢት 1994 ዓ.ም. ቴፒና በዙሪያዋ ያሉ መንደሮች ደም ፈሰሰባቸው። መንግሥት ራሱ ያመነው የሟቾች ቁጥር ከመቶ በላይ ነው፤ ተቃዋሚዎችና የሰብአዊ መብት ተከራካሪዎች የጠቀሱት ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የአካባቢው ሹማምንትና ፖሊሶች በግድያው ተጠርጥረው ታሰሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ፣ ይኸው የሸኮና የመዠንገር ድርጅት ከ547ቱ የፓርላማ ወንበሮች አንዱን አሸነፈ። አዲስ አበባ ለተቃዋሚው ቅንጅት ድምፅ በሰጠችበት በዚያ ምርጫ ይህች አንዲት ወንበር የጋዜጣ ርዕስ አልሆነችም። ለደቡብ ምዕራቡ ታሪክ ግን ክብደት አላት። ቅሬታው ከገዢው ድርጅት ውጭ በካርድ የተመዘገበበት ብርቅ ቦታ ነውና።

ከ1997 በኋላ ያ በር ጠበበ። ከምርጫው በፊት ከአንድ ሚሊዮን ያነሰ የነበረው የኢሕአዴግ አባል በ2002 ዓ.ም. ከአራት ሚሊዮን በላይ ሆነ። የመንግሥት ሥራ፣ የወጣቶች ብድር፣ የሴቶችና የወጣቶች ሊግ፣ የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ሁሉ ወደ ፓርቲው ያመሩ ነበር። አባል መሆንና መደገፍ ተለያዩ። ቅሬታ ያለው ሰው ከድርጅቱ ከመውጣት ይልቅ ውስጥ ሆኖ በግምገማ መድረክ ላይ “የመልካም አስተዳደር ችግር” ብሎ ማንሳትን መረጠ፤ ክልል መጠየቅ ግን “ጠባብነት” ተብሎ ያስገመግም ነበር።

የቅሬታው ይዘት በሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው የሥልጣን ድልድል ነው። አባተ ኪሾ፣ ኃይለማርያም ደሳለኝ፣ ሽፈራው ሽጉጤ፣ ደሴ ዳልኬ፣ ሚሊዮን ማቴዎስ፣ ርስቱ ይርዳ፤ የደቡብ ክልልን በርዕሰ መስተዳድርነት ከመሩት ከነዚህ ሰዎች መካከል ከካፋ፣ ከሸካ ወይም ከቤንች ማጂ የተገኘ የለም። ሁለተኛው መልክዐ ምድሩ ነው። የሚዛን ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ በጅማ በኩል አዲስ አበባ ለመግባት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ሐዋሳ ጉዳይ ካለው ብዙ ጊዜ ከዚያ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ቡናው ወደ አዲስ አበባ ገበያ ሲወርድ ማመልከቻው ወደ ሐዋሳ ይሄድ ነበር። በበቃን የመሰለ ግዙፍ እርሻ ከመንግሥት ወደ ግል ባለሀብት ሲዛወር የተወሰነውም ከዞኑ ራቅ ባለ ቦታ ነው።

ድጋፉ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አለመሆኑም ሊረሳ አይገባም። በ2004 ዓ.ም. በቤንች ማጂ ዞን ካለው ከጉራፈርዳ ወረዳ በሺዎች የሚቆጠሩ አማርኛ ተናጋሪ ሰፋሪዎች ሲፈናቀሉ ጉዳዩ እስከ ፓርላማ ደረሰ። መሬቱንና ደኑን የሚጠብቅለት አስተዳደር የፈለገው የአካባቢው ተወላጅና በዚያው መሬት ላይ ቡና የተከለው ሰፋሪ ፓርቲውን በተቃራኒ ሚዛን ይመዝኑት ነበር። አንዱን ያስደሰተው የራስ አስተዳደር ሌላውን ያሰጋ ነበር። ሚዛንና ቴፒ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ገበያ የሚውሉባቸው ከተሞች ናቸው።

የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የደኢህዴንና የኢሕአዴግ ሊቀመንበር የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። ሐምሌ 11 ቀን የሲዳማ ዞን ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄውን አጸደቀ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ሂደቱን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፤ ጥያቄው በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፤ ክልሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ድንጋጌው ለ23 ዓመታት ተቀምጦ ነበር። ካድሬው በሥልጠና ያጠናው፣ በብሔር ብሔረሰቦች ቀን ያወደሰው ሰነድ ነው፤ ሲዳማ ሲጠቀምበት ግን የሌሎቹ ዞኖች ምክር ቤቶችም ተከተሉ። ካፋ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። በዚያው ጊዜ ቤንች ማጂ ለሁለት ተከፍሎ ሚዛን ተፈሪን ያቀፈችውን ሚዛን አማንን ይዞ ቤንች ሸኮ፣ ጀሙን ይዞ ምዕራብ ኦሞ ዞን ሆነ። ቴፒ ላይ ግን የድሮው ቁስል አገረሸ፤ የየኪ ወረዳ የመዋቅር ጥያቄ እንደገና ወደ ግጭት አመራ።

ኅዳር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ደኢህዴን ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ብልጽግና ፓርቲ ለመሆን ተፈራረመ። ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የሲዳማ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ክልልነትን መርጦ ነበር። ከርዕዮተ ዓለም አንጻር ውሕደቱ ትልቅ መገለባበጥ ነው፤ የብሔር ድርጅቶች ግንባር የነበረው አንድ አገር አቀፍ ፓርቲ ሆነ። በደቡብ ምዕራብ ግን አባላቱ መታወቂያ ቀየሩ እንጂ ጥያቄያቸውን አልቀየሩም። የተቀየረው የጥያቄው መጠን ነው። ለብቻ ክልል የመሆን ጥያቄ በድርድር ወደ ጋራ ክልል ተለወጠ፤ ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ምዕራብ ኦሞና ዳውሮ ዞኖች ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋር በአንድ ላይ ቀረቡ።

ሕዝበ ውሳኔው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተካሄደ። ምርጫ ቦርድ ባሳወቀው ውጤት 1,262,679 ሰው ድምፅ ሰጠ፤ 1,221,092 ደገፈ፤ 24,024 ተቃወመ፤ 17,563 ድምፅ ዋጋ አልባ ሆነ። እያንዳንዱ ተቃዋሚ ሃምሳ ደጋፊ ገጥሞታል ማለት ነው። ሆኖም የቁጥሩን ሌላ ገጽ ማየት ይገባል። ዋጋ ያጡት ካርዶች ከተቃውሞው ሦስት አራተኛ ገደማ ይሆናሉ። ገዢው ፓርቲ ራሱ የደገፈው፣ የተደራጀ ተቃዋሚ ዘመቻ ያልነበረበት ድምፅ እንደሆነም መታወስ አለበት። በዚህ ሁሉ ላይ ግን ውጤቱ ከ2007ቱ መቶ በመቶ የተለየ ምስክርነት ይሰጣል። በ2007 መራጩ የተጠየቀው አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ነው፤ በ2014 የተጠየቀው የራሱ ምክር ቤቶች ለዓመታት ያነሱትን ነው።

ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ቦንጋ ላይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በይፋ ተመሠረተ፤ ዶክተር ነጋሽ ዋጌሾ ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ። መስራቾቹ ዋና ከተማን አንድ ቦታ አላደረጉም፤ የክልሉን መቀመጫ ለቦንጋ፣ ለዳውሮዋ ተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አከፋፈሉ። ድልድሉ ለአስተዳደር ወጪ አለው፤ ቢሮ ከቢሮ ለመገናኘት መንገድ ይገባል። ነገር ግን የሠላሳ ዓመቱን የደጋፊ ስሌት ከዚህ በላይ የሚያብራራ ሰነድ አይገኝም። ሐዋሳ ላይ የተነሳው ቅሬታ ቦንጋ ላይ እንዳይደገም የተወሰደ ጥንቃቄ ነው።

ስለዚህ የፓርቲ ታማኝነት በደቡብ ምዕራብ ጸንቶ ኖረ ወይስ ተሸረሸረ ብሎ መጠየቅ የሚያደርስ አይመስለኝም። ገበሬውና ካድሬው ከ1984 ጀምሮ ድጋፋቸውን የሰጡት አስተዳደርን ለሚያቀርብላቸው ነው፤ ሐዋሳ ስትርቃቸው በሕግ ወጡ። ይህ ስሌት አዲሱን ክልልም ይመለከታል። በወረዳቸው አናሳ ሆነው የቀሩት ወገኖች፣ በተለይም በቴፒና በጉራፈርዳ አካባቢ፣ ለቦንጋ የሚሰጡት ድጋፍ ሌሎቹ ለሐዋሳ ከሰጡት የተለየ ቅድመ ሁኔታ የለውም።