ስማቸው ያልተጻፈ፥ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን የታወቁ



ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ማክሰኝትን ሳያይ አያልፍም። ከዚህችው ስሟ ማክሰኞን ከሚያስታውሰን ከተማ ብዙ ሳይርቅ በከፍታው ላይ ደንቀዝ አለ፤ ዐፄ ሱስንዮስ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ፍራሽ እስከ ዛሬ ይታይበታል። ስለ እግዚአብሔር ሁሉን ዐዋቂነት ለመናገር ከዚህ ፍራሽ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም።

በየካቲት ወር 1618 ዓ.ም. ንጉሡ፥ ልጆቻቸውና መኳንንቱ፥ ከእነርሱም በኋላ ካህናቱ፥ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ባለበት ለሮማው ፓፓ ለመታዘዝ በደንቀዝ ማሉ። ቀጥሎም ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም ዳግመኛ እንዲካኑ፥ ጾሙና በዓሉም እንዲለወጥ ታዘዘ። በዚያ ቀን ከልቡ የማለ ስንቱ ነው? ርስቱንና ልጆቹን፥ ወይም አንገቱን እያሰበ ምላሱን ብቻ ያበደረስ ስንቱ ነው? የታሪክ ጸሐፊ መሐላውን መዘገበ፤ ልቡን ግን ሊመዘግበው አልቻለም።

አባቶቻችን በምሥጢረ ሥላሴ ትምህርት አብ ልብ፥ ወልድ ቃል፥ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋስ እንደ ሆነ፥ ሦስቱም በአብ ልብነት እንደሚያውቁ አስተምረውናል። እንግዲህ የእግዚአብሔር ዕውቀት ጠይቆ ወይም ከነጋሪ ሰምቶ ያገኘው አይደለም፤ የባሕርዩ ነው። ቅዱስ ዳዊትም በ138ኛው መዝሙሩ ያደነቀው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ማወቁ ማስገደዱ አይደለም። ጌታችን ጴጥሮስ እንደሚክደው አስቀድሞ ነገረው፤ ጴጥሮስ ግን የካደው በገዛ ፍርሃቱ ነው። ክህደቱን ያወቀው ጌታ ልቅሶውንም ዐውቆት ነበር። እኛ ካህናት ይህን የኋለኛውን ትተን፥ የእግዚአብሔርን ዐዋቂነት ሕፃናትን ለማስፈራራት ብቻ የምናነሣበት ጊዜ መብዛቱን ልንሸሽገው አይገባንም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በሰኔ 1624 ዓ.ም. የላስታው መልክአ ክርስቶስ ሠራዊት በወይና ደጋ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ገጠመ። ከላስታው ወገን 8000 ያህል ሰው እንደ ወደቀ ይነገራል፤ ብዙውም ገበሬ ነበረ። ንጉሡ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፥ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በመስከረም 1625 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚያ ዘመን ሃይማኖቴን አልለውጥም ብላ ከባልዋ የተለየችው፥ ስደትንም የተቀበለችው እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1635 ዓ.ም. ኅዳር 17 ቀን ዐረፈች። ከ30 ዓመት በኋላም ገድልዋ ተጻፈላት፤ በጣና ዳር በቆራጣም ስምዋ እስከ ዛሬ ይጠራል።

በወይና ደጋ ለወደቁት ገበሬዎች ግን ገድል የጻፈላቸው የለም፤ ቁጥራቸው እንኳ በግምት ነው። እኛ በጸሎተ ፍትሐት ሟቹን በክርስትና ስሙ እንጠራዋለን፤ የእነርሱን ስም ግን ከወዴት እናምጣው? ስምንት ሺህ ብለን የምንደመድማቸው እኛ ነን። እርሱ ግን እያንዳንዱን በስሙ ያውቀዋል፤ በንጉሡ ሰልፍ ቆሞ በወንድሙ ላይ ጦር የወረወረውንም፥ እጁ ወዴት፥ ልቡ ወዴት እንደ ነበረ ያውቃል።