ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ኪልቅያ ጠረፍ
ስለ አንድ የጥናት ጉዞ ዕቅድ

ለኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ «ቱርክ» እና «ወደብ» የሚሉት ሁለት ቃላት አንድ ላይ ሲጠሩ በመጀመሪያ ትዝ የሚለው ምጽዋ ነው። ኦዝደሚር ፓሻ በ1557 ምጽዋን መያዙን፥ ከዚያም ወዲህ ቱርኮች በባሕር በራችን ላይ መቆማቸውን በትምህርት ቤት ሳለን ተምረናል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ሌላ ወደብ ነው። ይኸውም ዛሬ በቱርክ አገር በስተ ደቡብ፥ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር፥ ከቆጵሮስ ደሴት አንጻር ከሚገኙት ጥንታውያን ወደቦች አንዱ ነው። ምጽዋ ከመያዟ ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ወደዚያ ምድር ተሻግረው በ1352 በአርመኖች አገር ዐርፈዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የታሪክ ክፍል ተማሪዎች የሆንን ጥቂቶች ይህን ጠረፍ ሄደን ለማየት አስበን ስንመካከር፥ ከገንዘቡና ከጊዜው ጥያቄ በፊት «ለመሆኑ የምንሄደው ወደ የትኛው ወደብ ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ከወደቡ በፊት ስለ መነሻው ጥቂት እንበል። ጉዞው ከሐይቅ እስጢፋኖስ መጀመር አለበት ብለን ወስነናል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ኤዎስጣቴዎስ የትግሬና የሠራዬ ሰው፤ ገዳማቸውም ደብረ ጽራቢ፤ ከወሎ ምን አገናኛቸው?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው የሚገባ ነው።

ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ውኃው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት፥ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ገዳሙ ያለበት ስፍራ ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ተያይዞአል። አቡነ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ1248 ገደማ በዚህ ከተቀመጡ በኋላ ስፍራው የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚሁ ተምረዋል። ኢየሱስ ሞአ በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል የራሳቸው ሥዕል ያለበት ሲሆን፥ ዘመናቸው በእርግጥ ከሚታወቅ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን ነበረው። እንግዲህ ሐይቅ የንጉሡና የጳጳሱ ጆሮ የቀረበ ቤት ነበረ ማለት ይቻላል።

አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደግሞ ቀዳሚት ሰንበትም እንደ እሑድ ትከበር ብለው የሚያስተምሩ ነበሩ። ይህም ትምህርት በእስክንድርያ መንበርና ከዚያ በሚመጡት ጳጳሳት ዘንድ የተነቀፈ ነበረ። ተቃውሞው ሲበረታባቸው በአገር ቤት የቀሩትን ለአባ አብሳዲ አደራ ሰጥተው፥ ጥቂት ደቀ መዛሙርት አስከትለው በ1337 ወይም በ1338 ከአገር ወጡ። እርሳቸው ከሞቱ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በ1400 ገደማ፥ ዐፄ ዳዊት የኤዎስጣቴዎስን ልጆች ወደ ከተማ አስጠርተው ከጳጳሱ ከአቡነ በርተሎሜዎስ ጋር እንዲነጋገሩ አደረጉ። አልተስማሙም። መሪያቸው የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ተይዘው በዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ጥበቃ ሥር እንዲቀመጡ የተላኩት ወደ ሐይቅ ነበረ። በዚያም አራት ዓመት ያህል ቆዩ። በ1404 ንጉሡ ፈቷቸው፤ ቀዳሚትንም እንዲያከብሩ ተፈቀደላቸው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሲያደርጉ ደግሞ ጳጳሳቱ ሚካኤልና ገብርኤል ሁለቱን ሰንበታት ተቀበሉ፤ ክርክሩም በዚያ አበቃ።

ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ይህን ነገር በሰፊው ስለ ተረኩት እኛ አናስረዝመውም። ለዕቅዳችን የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ መምህሩ በባዕድ አገር ተቀብረው፥ የትምህርታቸው ወራሽ በሐይቅ ውኃ ተከብበው በግዞት ተቀምጠው ነበር። የጠረፉን ወደብ ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ታሪኩን በግማሽ አይቶ ተመለሰ እንላለን።

አሁን ወደ ጠረፉ እንሻገር። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ ኪልቅያ የሚለውን ስም ያውቀዋል፤ የቅዱስ ጳውሎስ ከተማ ጠርሴስ የምትገኝበት አገር ነው። በአሥራ አንደኛው ምእት ዓመት ከምሥራቅ የተሰደዱ አርመኖች በዚያ ተራራማ አገር ሰፍረው፥ በ1198 ሌዎን የተባለው መስፍናቸው በጠርሴስ ዘውድ ጫነ። መናገሻቸው ሲስ ትባል ነበር። ከ1293 ጀምሮም የአርመን ካቶሊኮስ መንበር በዚያች ከተማ ነበረ። በአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ገድል «አርማንያ» የተባለው ይህ የኪልቅያ መንግሥት መሆኑን አብዛኞቹ ሊቃውንት ይቀበላሉ። መንገዳቸውም በግብፅ፥ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል ነበረ። ባሕሩን ግን በመጎናጸፊያቸው ላይ ሆነው እንደ ተሻገሩ ገድሉ ይናገራል፤ ሠዓሊዎቻችንም እንዲሁ ይሥሏቸዋል። ይህ ለምእመናን የቅድስናቸው ምስክር ነው። መርከብና ወደብ የሚፈልግ የታሪክ ተማሪ ግን መልሱን ከሌላ ስፍራ መሻት ግዴታው ነው።

በመጀመሪያ ሁላችንም ያሰብነው አያስን ነበር። ዛሬ ዩሙርታልክ ይባላል፤ የአዳና ክፍለ አገር የባሕር ዳር ከተማ ነው። (ስሙ ዕንቍላል ከሚለው የቱርክ ቃል የመጣ በመሆኑ በመካከላችን ብዙ ቀልድ ተነሥቶበታል።) ማርኮ ፖሎ በ1271 ወደ ምሥራቅ ጉዞውን የቀጠለው ከዚህ ወደብ ነው። ግብፃውያን ማምሉኮች በ1291 አኮን ከያዙ በኋላ፥ የሮማው ፓፓ ከእነርሱ ጋር መነገድን ስለ ከለከለ፥ የቬኒስና የጄኖቫ ነጋዴዎች ወደ አያስ ጐረፉ። ስለዚህ ስለ ኪልቅያ የሚጽፍ ሁሉ አያስን ያስቀድማል፤ እኛም ዝናውን ተከትለን በካርታችን ላይ ምልክት አድርገንበት ነበር።

ነገር ግን ዓመታቱን አንድ ላይ አስቀምጠን ስናያቸው ሐሳባችን ተለወጠ። ማምሉኮች አያስን በ1322 አፈረሱ፤ በ1337 ደግሞ የአርመኑ ንጉሥ ከተማይቱን ለማስረከብ ተገደደ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከኢትዮጵያ የወጡት ልክ በዚሁ ጊዜ ነው። በግብፅ ያገኟቸው ፓትርያርክ ብንያሚን የሞቱት በ1339 ነው። ከዚያ በኋላ ኢየሩሳሌምና ቆጵሮስ አሉ። እንግዲህ ወደ ኪልቅያ በቀረቡበት ጊዜ አያስ የአርመኖች ወደብ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ከቆጵሮስ ወደ አርመኖች አገር የሚሻገር ሰው በአርመኖች እጅ ወደ ቀረው ወደብ ቢሄድ ይቀለዋል። ያም ወደብ ኮሪኮስ ነው፤ በምዕራብ በኩል ከቆጵሮስ ፊት ለፊት ይገኛል። ከደሴቲቱ ጋር የነበረው ግንኙነትም የጠበቀ ነበር፤ ነዋሪዎቹ በ1361 ገደማ ለቆጵሮሱ ንጉሥ ለጴጥሮስ ቀዳማዊ አስረክበውታል፤ እስከ 1448ም በዚያው መንግሥት ሥር ቆየ።

በእርግጥ ከግብፅ ግዛት የመጣ መነኵሴ በግብፃውያን እጅ ባለ ወደብ መውረድ አይችልም ነበር አንልም፤ ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህንኑ ተቃውሞ አንሥተውብናል። ከኢየሩሳሌም በቀጥታ ተነሥተው ቢሆን ኖሮ እኛም እንቀበለው ነበር። በቆጵሮስ በኩል ማለፋቸው ግን ሚዛኑን ወደ ኮሪኮስ የሚያጋድለው ይመስለናል። ስለዚህ የጉዞው ዋና ስፍራ ኮሪኮስ እንዲሆን፥ አያስም ጊዜ ከተረፈ ብቻ እንዲታይ ተስማምተናል።

ኮሪኮስ ዛሬ ክዝካለሲ ይባላል፤ «የልጃገረድ ምሽግ» ማለት ነው። ከመርሲን ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንዱ ምሽግ በየብስ፥ ሁለተኛው በባሕር ውስጥ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ቆመዋል። የየብሱ ምሽግ ከሮማውያን ከተማ በተነቀለ ድንጋይ የተሠራ ነው። ስለ ደሴቲቱ የሚነገረው ተረት፥ አንድ ንጉሥ ሴት ልጁ በእባብ ተነድፋ ትሞታለች የሚል ትንቢት ሰምቶ በዚያ ቢያኖራት፥ እባቡ በፍሬ ቅርጫት ተሸሽጎ ገባ የሚል ነው። ሐይቅም የራሷ ተረት አላት፤ አንዲት ልዕልት እርጉዝ ሴትን ስለ በደለች እግዚአብሔር ተቈጥቶ ምድሩን ውኃ አደረገው ይባላል። በሁለቱም ውኃ ዳር የንጉሥ ልጅ መገኘቷ ደስ ቢያሰኝም፥ ከዚህ ተነሥቶ ዝምድና መፍጠር የታሪክ ሥራ አይደለም።

የጊዜው ነገር ከሁሉ ይልቅ አከራክሮናል። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ዕረፍት የሚታሰበው መስከረም 18 ነው። በዚያ ቀን በጠረፉ መገኘት ያማረ ሐሳብ ነው፤ የሐምሌና የነሐሴ ሙቀትም በዚያ አገር በመስከረም መጨረሻ ቀለል ይላል። ይሁን እንጂ መስቀል በዋዜማው ነው፤ መስከረም 21 ደግሞ የአምባሰሏ ግሸን ማርያም በዓል ስለሆነ የደሴ መንገድ በተሳላሚ ይሞላል። በዚህ ሳምንት ሐይቅንም ኪልቅያንም እናያለን ማለት የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ የሐይቁ ጉዞ የመንገዱ ጸጥታ ከደሴ ተጠይቆ በግንቦት፥ የባሕር ማዶው በመስከረም እንዲሆን ተወስኖአል።

ሌላም አለ። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም። ከእኛ ጋር ያሉት ሁለት ሴት ተማሪዎች የግእዝ ንባባቸው ከሁላችን የተሻለ በመሆኑ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። መፍትሔው ማይክሮፊልሙ ነው። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ የኢየሱስ ሞአን ወንጌል በቍጥር 1832 መዝግቦ አንሥቶታል። እኅቶቻችን ንባቡን በአዲስ አበባ አስቀድመው ይሠራሉ፤ ወንዶቹ በገዳሙ የምናየው እነርሱ ያዘጋጁትን ጥያቄ ይዘን ይሆናል።

ከአዲስ አበባ እስከ ኢስታንቡል፥ ከዚያም በ2024 እስከ ተከፈተው የቹኩሮቫ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር፥ የቀረውን በአውቶቡስ እንሄዳለን። ለኮሪኮስ ሦስት ቀን፥ ለጠርሴስ ግማሽ ቀን መድበናል። ለሲስ ግን ሁለት ቀን ይገባታል። ዛሬ ኮዛን ትባላለች፤ ከአዳና በስተ ሰሜን ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከዐለት ምሽግ ሥር ትገኛለች። ማምሉኮች በ1375 ሲስን ሲይዙ መንግሥቱ አከተመ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ሌዎንም በ1393 በፓሪስ ሞተ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት እንግዲህ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ በሚጠፋ የክርስቲያን መንግሥት ውስጥ ነበረ። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ወገኖች ብዙዎቹ ከዚህና ከአጎራባቹ አገር የተሰደዱ ስለሆኑ፥ በአዲስ አበባ ያሉትን አርመናውያን ሽማግሌዎች ከመሄዳችን በፊት ለማነጋገር ቀጠሮ ይዘናል።