የመምህራን አስተያየትና የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ መጻሕፍት፦ ከጣና ዳርቻ አኳያ የቀረበ ታሪካዊ ቅኝት

መግቢያ

አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ይፈተናል፤ መጀመሪያ በአዘጋጆቹ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀጥሎም በክፍል ውስጥ። በመጀመሪያው ፈተና ብዙ ምሁራን፣ አርታዒያንና አሳታሚዎች ይሳተፋሉ። የሁለተኛው ፈተና ዳኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ እርሱም ጠመኔ ይዞ ከተማሪዎቹ ፊት የቆመው መምህር ነው። የዚህ ዳኛ ፍርድ ወደ አዘጋጆቹ ሳይደርስ ከቀረ፣ ወይም ደርሶ ምላሽ ካላገኘ፣ መጽሐፉ በሚቀጥለው እትም የቀድሞ ጉድለቱን እንደያዘ ይወጣል።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ከሌሎች ትምህርቶች ይልቅ በእንግሊዝኛ ላይ ይከብዳል። እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይሆን፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት የአብዛኞቹ ትምህርቶች ማስተማሪያ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ያላስጨበጠው ተማሪ ፊዚክሱንም፣ ጂኦግራፊውንም አብሮ ያጣል። ይህ ጽሑፍ የመምህራን አስተያየት በእነዚህ መጻሕፍት ታሪክ ውስጥ የነበረውን ስፍራ ከባሕር ዳርና ከጣና ሐይቅ ዳርቻ አኳያ ይመረምራል።

ነባሩ የእርማት ልማድ

መጽሐፍን መመርመርና ማረም ለጣና ዳርቻ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና በዘጌ የሚገኘው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለብዙ ዘመናት የብራና መጻሕፍትን ጠብቀው ያቆዩ ገዳማት ናቸው። በብራና ጽሕፈት ልማድ የተዘለለ ቃል በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳጉ ይጨመራል፤ የተሳሳተው ይፋቃል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ተማሪው አስተካክሎ እንደገና ያቀርባል። የመጻሕፍት ትርጓሜም በአንድምታ ስልት የተለያዩ መምህራንን አተረጓጐም «አንድም» እያለ ጎን ለጎን ያቆያል እንጂ፣ አንዱን ይዞ ሌላውን ያለ ምክንያት አይጥልም።

በዚህ ሥርዓት መምህሩ የመጽሐፉ ባለቤት ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ግን ግንኙነቱ ተለወጠ። መጽሐፉ ከሩቅ ተዘጋጅቶ የሚመጣ፣ መምህሩም የተቀበለውን የሚያደርስ መልእክተኛ ሆነ። በእንግሊዝኛ ትምህርት ይህ ርቀት ከሁሉም የሰፋ ነበር።

የእንግሊዝኛ መግባትና የውጭ መጻሕፍት

እስከ ፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ድረስ በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ቀዳሚው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ፤ የማስተማሪያ ቋንቋም ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያገለገሉት መጻሕፍት በአመዛኙ ከውጭ የመጡና ለሌላ አገር ልጆች የታሰቡ ስለ ነበሩ፣ የመምህሩ አስተያየት የሚደርስበት አድራሻ በአገር ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ1950ዎቹ ዓመታት አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ከ3ኛ ክፍል፣ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ ደግሞ ከ7ኛ ክፍል እንዲጀመር ተደረገ። በዚህ ለውጥ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ሸክም ከበደ። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ባሉት አራት ዓመታት ውስጥ፣ ተማሪው በ7ኛ ክፍል ሳይንስና ታሪክ በእንግሊዝኛ አንብቦ እንዲረዳ ማብቃት ነበረበት። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እነዚህ መምህራን የእንግሊዝኛ ትምህርትን ቢያግዙም፣ የአገልግሎት ዘመናቸው አጭር በመሆኑ ከክፍል ያገኙት ልምድ አብሮአቸው ይሄድ ነበር።

የ1966 ዓ.ም. ትምህርት

የመምህራንን ድምፅ ሳይሰሙ ማቀድ ምን እንደሚያስከትል ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የሚባለው ነው። ጥናቱ ለብዙኃኑ ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ የሚያስብና በብዙ ባለሙያዎች የተደከመበት ነበር። ይሁን እንጂ መምህራኑ በውይይቱ አልተካተቱም፤ ይዘቱም በወቅቱ አልተገለጠላቸውም። በዚህ ላይ የደመወዝ ጥያቄያቸው ታክሎ፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ አደረገ። መንግሥትም የጥናቱን ተግባራዊነት ለማገድ ተገደደ። በጥናቱ ውስጥ ደግና ክፉው ሳይለይ ሁሉም አብሮ ቀረ። በጊዜው ያልተጠየቀ አስተያየት በኋላ ተቃውሞ ሆኖ መምጣቱ ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት ነው።

በእነዚያው ዓመታት በባሕር ዳር የተለየ ሐሳብ በመጠንሰስ ላይ ነበር። በዩኔስኮ፣ በዩኒሴፍና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፔዳጎጂ አካዳሚ በ1965 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዓላማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ኑሮ ጋር ማዛመድ የሚችሉ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። አካዳሚው በኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆነ፤ በ1992 ዓ.ም.ም በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተው ፖሊቴክኒክ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኗል።

የይዘት ለውጥና የቀረው ችግር

ከአብዮቱ በኋላ በአገር ውስጥ የተዘጋጀው «ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ» የተባለው ተከታታይ መጽሐፍ የይዘትን ባዕድነት ለማስወገድ ሞከረ። ይህ ተገቢ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ለአገር ቅርብ የሆነ ይዘት ለእያንዳንዱ ክፍል ቅርብ ነው ማለት አይደለም። ለምሳሌ ያህል ስለ አርሶ አደር ቤተሰብ፣ ስለ በሬና ሞፈር የተጻፈ ምንባብ ለፎገራ ሜዳ ልጅ የዕለት ኑሮው ነው። ዘጌ ግን በጫካ ቡናው የሚታወቅ፣ በነባር ልማድ መሬቱ በበሬ የማይታረስ ስፍራ ነው። ከደንገል ታንኳ ሲሠራ እያየ ያደገ ልጅና በባሕር ዳር ገበያ ዙሪያ ያደገ ልጅም የሚያውቁት የተለያየ ነው። ይህን ልዩነት ለይቶ ሊናገር የሚችለው በስፍራው ያለው መምህር ነው።

ከዚህም የከፋው ችግር የቋንቋው ደረጃ ነበር። ከ1975 እስከ 1978 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ያካሄደው የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓት ግምገማዊ ጥናት የትምህርቱን ጥራትና ይዘት በሰፊው መረመረ። በ1978 ዓ.ም. ጆን ስቶዳርት ለሚኒስቴሩ ያቀረቡት ዘገባም፣ እንግሊዝኛ ለተማሪዎች የትምህርት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ እንቅፋት እየሆነ መምጣቱን አመለከተ። የዘገባው ፍሬ ነገር በየክፍሉ ያለ መምህር ዕለት ዕለት የሚያየው ነበር፤ ተማሪው የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር ይገለብጣል፣ በቃሉ ይይዛል፣ ትርጉሙን ግን አያገኘውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአንደኛ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋን አስፍቶ፣ እንግሊዝኛ ግን እንደ አንድ ትምህርት ከ1ኛ ክፍል እንዲሰጥ ወሰነ። ይህም በቋንቋው በቂ ሥልጠና ያላገኙ ብዙ የአንደኛ ደረጃ መምህራን እንግሊዝኛን እንዲያስተምሩ አስገደደ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው፣ ተጀመረ። የመምህራኑ አቤቱታ ግልጽ ነበር፤ ንግግሩ ይፈጥናል፣ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ይወስዳል፣ ተማሪው ያልገባውን ለማስረዳት ጊዜ አይተርፍም የሚል ነበር። መጽሐፍን መምህሩ ገታ አድርጎ ሊያብራራው ይችላል፤ በሥርጭት ላይ ያለን ትምህርት ግን ማቆም አይቻልም።

በ1999 ዓ.ም. መባቻ ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናትም፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሂሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው፣ የብዙ መምህራን የእንግሊዝኛ ችሎታም ለማስተማር እንደማይበቃ አሳየ። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አዳዲስ መጻሕፍት በብዛት ታትመው ተሠራጭተዋል። የመጻሕፍት ቁጥር መጨመሩ ታላቅ እርምጃ ቢሆንም፣ መጽሐፉና ተማሪው በቋንቋ ካልተገናኙ ችግሩን ብቻውን አይፈታውም።

ለአስተያየት ምላሽ መስጠት ምንድን ነው?

ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው የጎደለው የመምህራን አስተያየት አይደለም፤ አስተያየቱ የሚመለስበት የታወቀ መንገድ ነው። «ምንባቡ ይከብዳል» የሚል አንድ አስተያየት ብቻ አምስት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል፦ አዲስ ቃላት በዝተዋል፤ ምንባቡ ለክፍለ ጊዜው ረዝሟል፤ ጉዳዩ ለተማሪው እንግዳ ነው፤ መጽሐፉ ለሁሉም አልዳረሰም፤ ወይም መምህሩ ራሱ ድጋፍ ያስፈልገዋል። የእያንዳንዱ መፍትሔ የተለየ ነው። በጥቅሉ ተቀብሎ ምንባቡን ማሳጠር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያቃልል ይሆናል እንጂ ሌሎቹን አይነካም።

ስለዚህ አስተያየቶችን በሦስት መክፈል ይጠቅማል። አንደኛው የስሕተት እርማት ነው፤ ይህ ጥናት ሳይጠብቅ ወዲያው በእርማት ዝርዝር ለትምህርት ቤቶች ሊላክ ይችላል። ሁለተኛው የመጽሐፉ ከክፍሉ ጋር አለመግጠም ነው፤ ይህ በተለያዩ ትምህርት ቤቶች በሙከራ መረጋገጥ አለበት። የባሕር ዳር ከተማ መምህር ቀላል ያለውን የሐይቅ ዳር ገጠር መምህር ከባድ ቢለው፣ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉና። ሦስተኛው የፖሊሲ ጥያቄ ነው፤ የማስተማሪያ ቋንቋው ከየትኛው ክፍል ይጀምር የሚለውን የመጽሐፍ አዘጋጅ ሊወስነው አይችልም፤ ለሚመለከተው አካል ማስተላለፍና ማስተላለፉንም ለመምህሩ መግለጽ ግን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ምላሹ ወደ መምህሩ መመለስ አለበት። ተቀባይነት ያገኘው አስተያየት በየትኛው ገጽ እንደተሠራበት፣ ያላገኘውም በምን ምክንያት እንደቀረ መነገር ይኖርበታል። ሁለት ጊዜ ጽፎ መልስ ያላገኘ መምህር ሦስተኛ ጊዜ አይጽፍም። ዝምታውንም እንደ መስማማት መቁጠር በ1966 ዓ.ም. የታየውን ስሕተት መድገም ነው።

ማጠቃለያ

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2014 ዓ.ም. በተመረጡ ትምህርት ቤቶች በሙከራ መጀመሩ፣ ከመሠራጨት በፊት መፈተን እንደሚገባ መታመኑን ያሳያል። ሙከራ ግን ፍሬ የሚያፈራው ውጤቱ እትሙን ሲለውጥ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ያቀረበው ቅኔ ሳይታረምና ሳይመለስለት አይቀርም። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም ለመምህራን አስተያየት ከዚህ ያነሰ ምላሽ ሊሰጡ አይገባም።